«እናያለን» ስንል

አማርኛችን «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል። ሥራ ፈላጊውን «እስቲ እናያለን፣ ሌላ ጊዜ ደውል» ብለን እንሸኘዋለን። አብዛኛው ሰው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ነገሩ ይገባዋል። ኦቲዝም ያለበት ወጣት ግን ይደውላል። በማግስቱም ይደውላል። ደውል ተብሏላ!

እኔን የሚከነክነኝ ታዲያ ይሄ ነው፦ እዚህ ላይ መግባባት ያቃተው ማን ነው? ያላሰበውን የተናገረው ወይስ የሰማውን ያመነው?

በልጅነት ነገሩ ይሸፈናል። ዓይን ለዓይን የማያይ ልጅ እኛ ዘንድ «አንገቱን የደፋ ጨዋ» ተብሎ ይመሰገናል። ታላቁን «አንተ» ቢል «ልጅ አይደል?» ይባላል። እንግዳ ፊት «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ቢል ይሳቅለታል። ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን ያው ዓይን «የሚደብቀው ነገር አለ» ያሰኛል፤ ያው «አንተ» ጥጋብ፣ ያው እውነት ስድብ ይሆናል። ልጁ ያው ነው፤ ያለቀው የእኛ ትዕግሥት ነው።

ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ችግሩ የሁለት ወገን ነው ብሎ ጽፏል፤ እነሱ እኛን መረዳት እንደሚቸግራቸው ሁሉ እኛም እነሱን መረዳት ያቅተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ደግሞ ስምንት ስምንት ሰዎች አንድ ታሪክ እየተቀባበሉ እንዲያስተላልፉ ተደረገ። ኦቲዝም ያለባቸው ለብቻቸው ሲቀባበሉ ከሌላው ሰው ባልተናነሰ አደረሱት። ታሪኩ ይበልጥ የተንጠባጠበው ሁለቱ ወገኖች ሲቀላቀሉ ነው። ይሄ ውጤት ስለማን ድክመት እንደሚናገር አንባቢ ይፍረድ።

«ይሉኝታ ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሉኝታ የስንቱን ፊት ከመቅላት አድኗል፤ አይቅር። ግን ሁለት ዓይነት አነጋገር የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ለሚችለው ማስተርጎም አለበት እንጂ፣ ትርጉሙን ባላወቀው ላይ እንዴት ይፈርዳል? ወጣቱም የሚችለውን ያህል ይማር፤ «እርስዎ» ማለትን፣ ተራ መጠበቅን። ሸክሙ በሙሉ በእሱ ጫንቃ ሲሆን ነው ፍርደ ገምድልነቱ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። «ክፍት ቦታ የለንም፤ ለዚህ ሥራ ከእንግዲህ አትደውል» ብሎ መናገር ለእኛ አፍ ይጎመዝዝ ይሆናል። ልጁ ግን በማግስቱ ሌላ ቢሮ ያንኳኳል።