ባትሪው ውስጥ ያለው የማን ነው?

በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር፣ በዋሂል ወይም በመሰሎቿ አካባቢ፣ የመብራት መስመር ያልደረሰበት ጤና ኬላ በሶላር ቢሠራ ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ኃይል ለሌሊት በባትሪ ማጠራቀም አለበት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለበት ቆላው ፋታ አይሰጠውም። ሲመሽ ግን ሌላም ጠያቂ ይመጣል፦ አምፖሉ ይብራ፣ የጎረቤት ሞባይል ቻርጅ ይደረግ። ነገሩ ለቴክኒሻን የሚተው ይመስላል፤ እኔ ግን ከሃይማኖት ጥያቄዎች እመድበዋለሁ። ስንት እንደቀረ ቆጣሪ ይናገራል፤ የቀረው የማን እንደሆነ የሚናገር ቆጣሪ የለም። የተጠራቀመ ኃይል አደራ ነው፤ በአደራው ላይ ቀዳሚ መብት ያለውም መጥቶ መጠየቅ የማይችለው፣ ነገ የሚከተበው ሕፃን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሒሳቡን እንየው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር፣ በእጅ ያለው 600 ነው። 40 ዋት የሚወስድ ኮምፕረሰር የዕለቱን ግማሽ ቢሠራ 480 ይወስዳል፤ የሚተርፈው 120 ነው። ባለ10 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ 50፣ አሥር ሞባይሎች እያንዳንዳቸው 10 ቢወስዱ 100፤ በድምሩ 150። ካለው በ30 በለጠ። ማንም አልሰረቀም፤ ሁሉም የጠየቀው ጥቂት ነው። ኃይል ያጣ ሞባይል በማግሥቱ ፀሐይ ይሞላል፤ በሙቀት የተበላሸ ክትባት ግን ዳግም ቢቀዘቅዝ አይድንም። በብዙዎቹ የክትባት ብልቃጦች ላይ፣ በክብ ምልክት መካከል፣ ነጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። ሙቀት ባገኛት መጠን ትጠቁራለች፤ ከክቡ ቀለም ጋር ስትተካከል ብልቃጡ ይጣላል። ነጥታ አትመለስም። የሚካስ እጦት ለማይካስ ጉዳት ቦታ ይልቀቅ የምለው ስለዚህ ነው።

አማኝ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል፦ ሪዝቅ (ሲሳይ) ከፈጣሪ ነው፣ ወንጌልም ስለ ነገ መጨነቅን ይከለክላል፣ በምድረ በዳ እስከ ማለዳ የተቀመጠው መናም ተልቷል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ያው ታሪክ በስድስተኛው ቀን ለሰንበት እጥፍ የተሰበሰበው መና እንዳልተበላሸ ይነግረናል። ዮሴፍ በጥጋብ ዓመታት ለረሃቡ እህል ማከማቸቱን መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ያወሱታል። ነቢዩ ሙሐመድም ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን እንዳስተማሩ በሐዲስ ይነገራል። የተወገዘው በፍርሃት ለራስ መሰብሰብ ነው። ለሌላው ማቆየት ግን እምነት ማጣት አይደለም፤ የእምነት ሥራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከርኅራኄ የሚነሣ ነው፦ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት በጨለማ ትውለድ ወይ? በፍጹም። ክርስቶስ ሰንበት ለሰው እንጂ ሰው ለሰንበት እንዳልተሠራ አስተምሯል፤ በእስልምናም አስገዳጅ ችግር የተከለከለውን ይፈቅዳል። በሩ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፤ የሚፈስ ደም ግን ሰዓት አይሰጥም። ስለዚህ ያው የማይካስ ጉዳት ሚዛን ራሱ አምፖሉን ያስቀድማል። አምቡላንስ የሚጠራበት አንድ ሞባይልም ሁልጊዜ ይሞላ። የምከራከረው ለቅደም ተከተል ነው፤ ማቀዝቀዣውን ጣዖት ማድረግ አልፈልግም።

ዛሬ ያለ ባትሪ የሚሠሩ የሶላር ማቀዝቀዣዎች ስላሉ ጥያቄው አልፎበታል የሚልም አለ። እውነት ነው፣ እነዚህ ቀን በረዶ ሠርተው ፀሐይ በሌለበትም ለቀናት ይቆያሉ፤ አንዳንዶቹም ትርፉን ለሌላ አገልግሎት የሚሰጡት ማቀዝቀዣው ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ነው። ግን ያን ቅደም ተከተል የወሰነው ሰው ነው። መሣሪያው ውሳኔውን ጠበቀልን እንጂ አልወሰነልንም። ባትሪ ባለበት ቦታ ደግሞ ሙቀት ሌላ ዕዳ ይጨምራል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግምት በግማሽ ያጥራል። ለቆላ ባትሪ ሰጥቶ የመቀየሪያውን በጀት የማይዝ አካል አደራውን በከፊል ጥሎታል። ጎረቤቷን በየምሽቱ «አይሆንም» የማለቱን ሸክም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻ መተውም ግፍ ነው። ቅደም ተከተሉን ማኅበረሰቡ በቀን ተሰብስቦ፣ ሽማግሌውም የሃይማኖት አባቱም ባሉበት ይወስን፤ የወሰነውንም በጋራ ይጠብቅ። የነገውን ሕፃን ድርሻ ማስከበር የአንዲት ሴት ትከሻ ላይ የሚጣል ሥራ አይደለም፤ የሁላችንም ግዴታ ነው።