ጉጉትን ስለ ጩኸቱ መግደል ይገባልን?

በብዙው የኢትዮጵያ አገር ጉጉት የሞት መልእክተኛ ነው ይባላል። ሌሊት በቤት ክዳን ላይ ሲጮኽ የተሰማ እንደ ሆነ ድንጋይ ይወረወርበታል፤ ጎጆው የተገኘ እንደ ሆነም ጫጩቶቹ ይገደላሉ። በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ያለችው ዱራሜም ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። እንግዲህ ምንም ያልበደለን ፍጥረት ስለ ድምፁ ብቻ መግደል ለክርስቲያን ይገባዋልን?

ነገሩን በርጋታ ለመረመረ ሰው የፍርሃቱ ምንጭ ይገለጥለታል። ጉጉት በጤነኞችም ቤት ላይ ይጮኻል፤ ዳሩ ግን ጤነኞቹ ተኝተዋልና አይሰሙትም። በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ግን ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፤ ጩኸቱንም እርሱ ይሰማል። በሽተኛው የዳነ እንደ ሆነ ጩኸቱ ይረሳል፤ የሞተ እንደ ሆነ ግን ለልጅ ልጅ ይወራል። እንዲህ ባለ ሒሳብ ጉጉት ዘወትር ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

አንዳንዱ መጽሐፍ ይጠቅሳል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ጉጉት ከማይበሉት ወፎች ጋር መቈጠሩ እውነት ነው። አይበላ ማለትና ይገደል ማለት ግን አንድ አይደለም፤ እንዲያውም አይበላ የተባለው ከቢላዋ ያመልጣል። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዟል። መዝሙረኛውም በኀዘኑ ጊዜ ራሱን በፍርስራሽ ውስጥ ባለ ጉጉት መስሏል፤ በተረገመ ወፍ ራሱን ይመስል ነበርን?

ፊቱ የልብ ቅርጽ ያለው ነጩ ጉጉት ጎጆ አይሠራም፤ በዛፍ ሽንቁር፥ በፈረሰ ግንብ፥ በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር እንቍላሉን ይጥላል። ሁለቱ ጆሮዎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ስለ ተሠሩ፥ በድቅድቅ ጨለማ አይጥን በኮሽታዋ ብቻ ይይዛታል። እንዳለችም ይውጣታል፤ አጥንቷንና ጠጕሯን አድበልብሎ ይተፋዋል። በእስራኤል አገር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች አይጥን በመርዝ ፈንታ በጉጉት ለማራቅ በእርሻቸው ላይ የጎጆ ሣጥን ተክለዋል፤ ኋላም የዮርዳኖስ ገበሬዎች ተባብረዋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ አይጧን የሚገድላት ከጥቂት ቀን በኋላ ነውና፥ በዚያ መካከል እየተንገዳገደች ጉጉት ይይዛታል፤ መርዙም ወደ እርሱ ይተላለፋል።

ይሁን እንጂ አይጥ ይበላልና ይኑር የሚለው ክርክር ጎደሎ ነው፤ አይጥ ባይኖር ይገደል ያሰኛልና። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ፥ ኬፕ ኮራል በምትባል ከተማ፥ በመሬት ጕድጓድ የሚኖር ትንሽ ጉጉት አለ። ማደሪያው ቤት ሊሠራበት የታሰበው ባዶ ቦታ ነው። የከተማው ሰዎች ጕድጓዱን በችካል ይከልሉታል፤ ቦታውን በገንዘቡ የገዛው ሰውም ስለ አንዲት ወፍ እንዲታገሥ ይጠየቃል። መሬቱ በቤት እየተሞላ በመሄዱ ግን፥ ይህ ጉጉት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2017 በፍሎሪዳ ሕግ አደጋ ከተቃረባቸው ፍጥረታት ጋር ተቈጥሯል።

በዱራሜ ዙሪያ ሕዝቡ በዝቶ መሬቱ ጠብቧል፤ ባሕር ዛፍም ሳያረጅ ስለሚቈረጥ ሽንቁር አያወጣም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ጣራና የግቢው አሮጌ ዛፍ ለጉጉት ትልቅ ነገር ናቸው። ጣራ የሚያድሰው አናጢ ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት ጫጩት መኖሩን እንዲያይ፥ ካለም እስኪበርር ሁለት ወር ያህል እንዲታገሥ ማዘዝ ለአለቃው አይከብደውም። የሚከብደው በታመመ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ጩኸቱን የሚሰማውን አባት ድንጋዩን እንዲያስቀምጥ ማስረዳት ነው። በዚያ ሌሊት ካህኑም ጎረቤቱም አብረውት ቢነቁ፥ ሲነጋም ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ቢያደርሱለት ይሻላል፤ ስለ ወፉ መነጋገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።