በሌላ ሰው ስም የተላከ ፓኬት

እ.ኤ.አ. በ2007 የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስን በቢትቶረንት ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለማስተላለፍ ሞከሩ። የኢንተርኔት አቅራቢው የአሜሪካው ኮምካስት ነበር። ዝውውሩ ተቋረጠ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ግንኙነቱን እንዲያቆም የሚነግር ፓኬት ደረሰው፤ በፓኬቱ ላይ ላኪ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ሌላኛው ኮምፒውተር ነበር። ሁለቱም ግን እንዲህ ያለ ነገር አልላኩም። መሐል ገብቶ በስማቸው የጻፈው ኮምካስት ነው።

ይህ ሐሰት መናገር ነው? ወይስ ማሽን ለማሽን ቁጥር መላኩ ብቻ?

የአይፒ ፓኬት የላኪውን አድራሻ ይዞ ይጓዛል፤ አድራሻውን የሚሞላው ራሱ ላኪው ነው። በ1981 የወጣው የአይፒ ደንብ፣ የተጻፈው አድራሻ እውነት መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ አላበጀም። ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የሠራው ኤችፒንግና ፈረንሳዊው ፊሊፕ ቢዮንዲ የሠራው ስካፒ የተባሉት መሣሪያዎች ይህን ክፍተት ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። ተርሚናል ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል፤ ፓኬቱ የሌላ ሰው አድራሻ ይዞ ይወጣል።

የቤተ ክርስቲያን አባት አውጉስጢኖስ ሐሰትን የመዘነው በተናጋሪው ልብ ነበር፦ ለማታለል አስቦ እንደሆነ። በዚህ ሚዛን፣ የመሥሪያ ቤቱን ፋየርዎል ለመፈተን ከውጭ ሆኖ የውስጥ አድራሻ የያዘ ፓኬት የሚልክ ባለሙያ ሐሰተኛ አይባልም። የፋየርዎሉ ባለቤት ራሱ ነው ያዘዘው። ፍርዱ ትክክል ነው፤ የመሣሪያዎቹንም ሠሪዎች ነጻ ያወጣል።

ነገር ግን ሚዛኑ አንድን ሰው ይረሳል። ሳንፊሊፖ በ1998 ይፋ ባደረገው የፖርት ፍተሻ ዘዴ፣ ፈታሹ ወደ ዒላማው የሚልከው ፓኬት የሦስተኛ ማሽን አድራሻ ይይዛል። ዒላማው መልሱን ለዚያ ማሽን ይሰጣል። ፖርቱ ክፍት ከሆነ ሦስተኛው ማሽን ያልጠበቀውን መልስ ውድቅ የሚያደርግ ፓኬት ይልካል፤ የሚልካቸው ፓኬቶች ተራ ቁጥርም በዚያው ልክ ይጨምራል። ፈታሹ ያንን ጭማሪ አይቶ ፖርቱ ክፍት መሆኑን ያውቃል። በዒላማው መዝገብ ላይ የሚቀረው ግን ምንም ያላደረገው ማሽን አድራሻ ነው። የዒላማው ባለቤት ተስማምቶ ሊሆን ይችላል፤ የሦስተኛውን ባለቤት ማን ጠየቀው? ዐሠርቱ ትእዛዛት የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክሉት ሰሚው እንዳይታለል ብቻ ሳይሆን የሚመሰከርበት ባልንጀራ እንዳይጎዳም ጭምር ነው። የስሙ ባለቤት ከፍርዱ ውጭ መቅረት የለበትም።

ኮምካስትም የራሱን ኔትወርክ መጨናነቅ እየተቆጣጠረ እንደሆነ ተከራክሯል። ኔትወርኩ የእርሱ ነበር፤ ስሞቹ ግን የደንበኞቹ ነበሩ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 ድርጊቱን አወገዘ፤ በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሻረው ኮሚሽኑ ሥልጣን የለውም በማለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የኢንተርኔት መሐንዲሶች አቅራቢዎች የደንበኛቸው ያልሆነ የላኪ አድራሻ የያዘን ፓኬት ከበር እንዲመልሱ የሚጠይቅ ሰነድ አወጡ። ይህ ማጣሪያ በዋናነት የሚጠብቀው የሚተክለውን አቅራቢ ሳይሆን ሌሎችን ነው፤ ባለመትከሉ የሚመጣውም ጉዳት በአብዛኛው የሚያርፈው በማያውቁት ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ያልተከለ አቅራቢ ጉዳዩን የወጪ ጥያቄ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይገባም፤ ለእነዚያ ሰዎች ዕዳ አለበት።