ሐረርን ያለፈው ባቡር

ደቻቱ ውሃ በማይወርድበት ወራት አሸዋውን ረግጦ ከከዚራ ወደ መጋላ መሻገር ቀላል ነው። በአንደኛው ማዶ የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ያሰመሯቸው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ በሌላው ማዶ ነጋዴው እንደተመቸው የሠራው ሰፈር አለ። ሁለቱም የባቡሩ ልጆች ናቸው።

ውድ አንባቢያን! ስለዚህ ባቡር ሲወራ የሚነሳው የደረሰበት ቦታ ነው፤ ያለፈው ቦታ ግን አይነሳም። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1897 ተጀመረ። ይሁንና የሐረር ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነና ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ቆላው ላይ ቆመ። በዚያ የበቀለችው ድሬዳዋ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ለዘመናት የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ንግዷ ቁልቁል ወረደባት። ከዘይላ ወደብ ግመል ጭኖ የሚወጣው ባለ ቅፍለትም ገበያው ቀዘቀዘ። እንግሊዝ አገርም በ1830 የሊቨርፑልና የማንቸስተር ባቡር ሲከፈት በሁለቱ ከተሞች መካከል ይመላለሱ የነበሩት የፈረስ ሠረገሎች አብዛኞቹ ሥራ ፈትተዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ክፉ ያላሰበ ሰው ሥራው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃልን? መሐንዲሱ ሐረርን አልጠላም፤ ዳገት ለካ፣ ሒሳብ ሠራ። «ቀደር ነው» ብለው የሚያልፉ ወገኖች አሉ። ቀደርን የሚክድ ሙስሊም የለም፤ ነገር ግን ተራራውን ያቆመው አላህ ሲሆን ሐዲዱ በየት ይለፍ ብሎ የቆረጠው ሰው ነው። ሰው ደግሞ በቆረጠው ይጠየቃል። ባቡሩ መቅረት ነበረበት አልልም። የምለው፣ የዳገቱ ቁመትና የብረቱ ዋጋ የገባበት ሒሳብ የግመል ነጂውን እንጀራ አላስገባም ነው። (ኩባንያው ራሱ ቆይቶ ከስሯል፤ መስመሩን በ1917 አዲስ አበባ ያስገባው ሌላ ኩባንያ ነው።)

ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከድሬዳዋ መሐል ወጣ ብሎ ተሠርቷል። ታዲያ በከዚራው አሮጌ ጣቢያ ደጃፍ ሻይ አፍልተው፣ ሻንጣ ተሸክመው ያደሩ ሰዎች ገቢ በዚህኛው ሒሳብ የትኛው ዓምድ ላይ ሰፍሮ ይሆን?