ስላልተጻፈ ምስክር

በቅኔ ቤት ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ተማሪው በየጥላው ተቀምጦ ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ በሚነግርበት ጊዜ ምሥጢሩ ከሌላ ሰው የተወሰደ እንደ ሆነ ያፍራል። ቅኔ «ዘረፈ» የሚባለው ከገዛ ልቡ ላወጣው ሰው ነው እንጂ ከጎረቤቱ የወሰደውማ ሌባ ይባላል። ውክፔዲያ በሚባለው በኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ዘንድ ግን ሕጉ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ አስቀድሞ ሌላ ሰው ጽፎ ያላሳተመው ነገር አይገባም፤ ከልቡ አውጥቶ የጻፈ ይነቀፋል፤ ከሌላ መውሰዱንና ከማን እንደ ወሰደ የገለጠ ይመሰገናል።

ይህ መዝገብ በ1993 ዓ.ም. በጥር ወር በእንግሊዝኛ ተጀመረ፤ ዛሬ አማርኛን ጨምሮ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይጻፋል። ጸሐፊዎቹም ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በእንግሊዝኛው ክፍል አዲስ ገጽ የሚያቀርብ ጀማሪ ረቂቁን ከደጅ ያኖራል፤ ከነባሮቹ አንዱ መርምሮ ይቀበለዋል፤ ወይም ምክንያቱን ጽፎ ይመልሰዋል። የተመለሰውም ታርሞ እንደ ገና ሊቀርብ ይችላል። መርማሪው ስለ ሰውየው ሊቅነት ራሱ አይፈርድም፤ ከሰውየው ጋር ዝምድና የሌላቸው የታመኑ ጽሑፎች ስለ እርሱ በሰፊው ተናግረዋልን ብሎ ይጠይቃል እንጂ።

እንግዲህ በደብረ ኤልያስ ወይም በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሮ ኋላ ደብረ ማርቆስ ከተማ የገባ አንድ ጎልማሳ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወንበር ዘርግተው ያስተማሩትን የኔታን በዚያ መዝገብ ሊያስገባ ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? የኔታ መጽሐፍ አላሳተሙም። ቅኔያቸው በተማሪዎቻቸው ልብ አለ፤ እገሌ ከእገሌ ተማረ እያሉ የመምህራኑን ሐረግ የሚቆጥሩ ደቀ መዛሙርትም ሞልተዋል። ረቂቁ ግን «ምስክር የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ምስክሩ በየደብሩ ሞልቶ ሳለ ምስክር የለውም መባል ግፍ አይደለምን?

ሰው ግን በዚህ ነገር ለመፍረድ አይቸኩል። ሕገ ኦሪት እንኳ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድ አዝዛለች። ደቀ መዝሙር መምህሩን ሲያመሰግን ፍቅር ያናግረዋል፤ የእኛ የኔታ ከሁሉ ይበልጣሉ የማይል አገርም የለም። ደግሞም የቃል ምስክርነት ጠባቂ አለው፤ ጠባቂውም ጉባኤው ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የመምህራኑን ሐረግ አጣሞ የሚናገር ቢገኝ ከሰሚዎቹ አንዱ በዚያው ቀን ያርመዋል። ቃል ጽኑ የሚሆነው ሰሚና ተናጋሪ በሚተዋወቁበት ስፍራ ነው። በቶኪዮ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን የተጠራጠረ እንደ ሆነ ዲማ ወርዶ አይጠይቅም፤ ስለዚህ በጉባኤው ፈንታ የታተመ ወረቀት ይሻል። በዚህ መርማሪው አልበደለም።

በደሉ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ወረቀት ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ማተሚያ ያገኘ ሐሰት ማተሚያ ካጣው እውነት ይልቅ በቀላሉ ይገባል። የካናዳዋ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር ስለ እርስዋ የቀረበው ረቂቅ በቂ ምስክር የለውም ተብሎ ተመለሰ፤ በ2011 ዓ.ም. በመስከረም የኖቤል ሽልማት በተሰጣት ጊዜ ግን ገጿ ወዲያው ተጻፈ። ሥራዋ የተሠራው ከብዙ ዓመት በፊት ነበረ፤ የዘገየው ስለ እርስዋ የሚጽፍ ሰው ነው። ማተሚያ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ በጎጃም ደጋ ምን ይሁን! ህንዳዊው አቻል ፕራብሃላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በህንድና በደቡብ አፍሪካ የሰዎችን ቃል በድምፅ ቀርጾ ለመዝገቡ ምስክር እንዲሆን አቅርቦ ነበረ፤ አሳቡ ብዙ አነጋገረ እንጂ የመዝገቡ ሕግ አልሆነም።

በእኛ አገር ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተምረው ያደጉ ናቸው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ስለ ታተመ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ምስክር አያጣም። ቅኔውን ያስተማሩት ግን የት አሉ? የጻፈው ሲታወቅ ያስተማረው ተረሳ።

ቢሆንም ይህን ዕዳ አስቀድመው ያወቁ ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. የብዙ ኢትዮጵያውያንን የሕይወት ታሪክ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ይሆን ዘንድ አሳተሙ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አደረጉት፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬም የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በ1963 ዓ.ም. አወጡ። ልጅ ለአባቱ ሙሉ ምስክር አይሆንም ቢባል እንኳ፣ ሌላ መርማሪ የሚነሣበት መሠረት ተጥሏል።

አንዳንዱ ሰው «የኔታ ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም ነበር» ይላል። ስምን መሰወር የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ተማሪ የገዛ ስንፍናውን የመምህሩ ትሕትና ብሎ ሊጠራው ግን አይገባውም። በቀብር ቀን የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ወረቀት ከተነበበ በኋላ የት ይገባል? በአንባቢው ኪስ ታጥፎ ይቀራል፤ ከዓመት በኋላም አይገኝም። ከሌላ ደብር የመጣ፣ ዝምድና የሌለው ጸሐፊ ያን ወረቀት ይዞ ተማሪዎቹን ለየብቻ ቢጠይቅ፣ ቃላቸው የሚስማማበትንና የሚለያይበትን ቢለይ፣ ማን መቼ እንደ ተናገረ ጽፎ በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ ቢያወጣ፣ በአማርኛ መጻፉ ለእንግሊዝኛው መዝገብ እንኳ ምስክር ከመሆን አያግደውም። ያ ጎልማሳም ያን ጊዜ ረቂቁን እንደ ገና ያቅርብ፤ የመምህሩ ደቀ መዝሙር መሆኑንም ሳይደብቅ ለመርማሪው አስቀድሞ ይግለጥ።