የወየበ ፕላስቲክ ምን ይመሰክራል?

እ.ኤ.አ. በ1991 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውን ሱፐር ኒንቴንዶ የተባለ የጨዋታ መሣሪያ ዛሬ የሚያገኝ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ያያል። የላይኛው አካል እንደ አሮጌ ወረቀት ወይቦ፣ የታችኛው ግን እንደ ጥንቱ ግራጫ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱ አብረው ተገጥመው በአንድ ቤት ኖረዋል። ድንበራቸው ግን መጋጠሚያው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምክንያቱ ከኑሮው ይልቅ ቅመማው ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮችና የጨዋታ መሣሪያዎች አካል በአብዛኛው ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራ ነበር፤ እሳት ቶሎ እንዳይይዘውም ብዙ ጊዜ ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች ይገቡበታል። ብርሃን፣ ሙቀትና ኦክስጅን ቀስ በቀስ ይለውጡታል። የአንዱ ዙር ምርት ቅመም ከሌላው ትንሽ ከተለየ የመወየብ ፍጥነቱም ይለያያል። ካርቶን ውስጥ ተዘግቶ የኖረው እንኳ አያመልጥም።

ኦስትሪያዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ አሎይስ ሪግል በ1903 ስለ ሐውልቶች ሲጽፍ «የዕድሜ ዋጋ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ዘመን በዕቃ ላይ የሚተወው አሻራ ራሱ ዋጋ አለው። አሮጌ ኮምፒውተር አይንጣ የሚሉ ሰብሳቢዎች ክርክርም ከዚህ አይርቅም። ሱፐር ኒንቴንዶው ግን ክርክሩን ያናጋዋል። ቢጫው የዕድሜ ምስክር ቢሆን ኖሮ እኩያ የሆኑት ሁለት ግማሾች ቃላቸው ባልተለያየ ነበር።

ታዲያ ማንጣት ወደ ጥንቱ መመለስ ነው?

ከ2008 ወዲህ «ሬትሮብራይት» በሚል ስም የታወቀው ዘዴ እንዲህ ነው። አካሉ ከኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ይለያል፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበት የፀጉር ማቅለሚያ ክሬም በብሩሽ ይቀባል፤ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ክሬሙ ቦታ ቦታ ከደረቀ፣ ወይም ላስቲኩ ከተጨማደደ፣ ፕላስቲኩ ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይቀራል፤ እሱን ማጥፋት ደግሞ ከቢጫው ይብሳል። በደንብ ቢሠራም ቢጫው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ወይቦ የነበረው የፕላስቲኩ የላይ ሽፋን ራሱ እንጂ ላዩ ላይ ያረፈ እድፍ አይደለምና፣ የተፈጸመው ጽዳት ሳይሆን ሁለተኛ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ቀለሙ ተመልሷል፤ ፕላስቲኩ አልተመለሰም።

ያም ሆኖ ቀለም ተራ ነገር አይደለም። አፕል በ1980ዎቹ አጋማሽ «ፕላቲነም» ያለውን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ለማሽኖቹ ሲሰጥ ታስቦበት ነው። የወየበ ማኪንቶሽ የሚያሳየው ማንም ያልመረጠውን መልክ ነው፤ ንድፉን ለሕዝብ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ቢያነጣው አይወቀስም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። አንዳንዱ ማሽን ላይ የቀድሞ ባለቤቱ ስቲከር ለጥፎበት የነበረ ቦታ ሲላጥ፣ በቢጫው መሐል ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ይገኛል። ይህኛው ከቅመማ የመጣ አይደለም፤ የሰው እጅ ሥራ ነው፣ ምስክርነቱም እውነተኛ ነው። ፐሮክሳይድ ሁለቱን አይለይም፤ ዙሪያው ሲነጣ አራት ማዕዘኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ክሬሙ ከመቀባቱ በፊት እያንዳንዱን ገጽ አገላብጦ ማየት፣ እንዲህ ያለውን ቦታም ፎቶ ማንሳት ወይም ሳይቀቡ መተው ይገባል።