ሁለቱ ኑዛዜዎች



የአማርኛ ቋንቋ ለሁለት ሥራዎች አንድ ስም ሰጥቶአል። ኃጢአታችንን ለካህን የምንገልጽበት ኑዛዜ ይባላል፤ ከሞታችን በኋላ ስለ ቤታችንና ስለ ልጆቻችን የምንወስንበትም ኑዛዜ ይባላል። የመጀመሪያውን ቢያንስ ለፋሲካ እንፈጽማለን። ሁለተኛውን ግን ሞትን መጥራት እየመሰለን እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ እናቆየዋለን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሳለ ቤትም እርሻም አልነበረውም፤ ልብሱን እንኳ ወታደሮች ተካፍለውት ነበር። ነገር ግን ነፍሱን ከመስጠቱ በፊት እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። እንግዲህ ለሚቀሩት ማሰብ የፍቅር ሥራ ነው እንጂ ስስት አይደለም። ስስትማ ርስት ያካፍላቸው ዘንድ ጌታን የለመነው ሰው ልብ ውስጥ ነበረ፤ ጌታም ከእርሱ እንድንጠበቅ አስጠንቅቆናል (ሉቃ. 12፥13-15)።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በእንጅባራ አካባቢ የሚኖር አንድ አባት የቆርቆሮ ቤት፣ ጥማድ በሬ፣ አንድ ፈረስና ዲከረንስ የተተከለበት ማሳ አለው እንበል። ሕመሙ ሲጠናበት ሁለት ጎረቤቶችን አስጠርቶ፣ «ቤቱን ለባለቤቴ ትቼላታለሁ» ብሎ ያርፋል። ከተዝካሩ በኋላ ልጆቹ ይከራከራሉ። ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞት የቀረበበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። የሚጸናው ግን ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች የተናገረው ብቻ ነው። ስለ ቤቱ የተናገረው አይጸናም። ከዚህም በላይ ኑዛዜ በሌለበት ሚስት ወይም ባል በሕግ ወራሽ አይደሉም፤ ከጋራው ሀብት ድርሻቸውን ይወስዳሉ እንጂ የሟቹን ድርሻ ልጆች እኩል ይካፈሉታል። ስለዚህ ያች ባልቴት ዕድሜዋን የፈጀችበትን ቤት ለመካፈል ልትገደድ ትችላለች። የሰውየው ፍቅር እውነት ነበረ፤ ቃሉ ግን በጊዜው በጽሑፍ ስላልሰፈረ ከአልጋው አላለፈም።

ስለዚህ በጤናችን ሳለን እንናዘዝ። ሕጉ ሁለት የጽሑፍ መንገዶችን ያሳየናል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም ሲናገር ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ከዚያም በእርሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን ይገልጻል፤ ቀን ይጽፍበታል፤ በየገጹም ይፈርምበታል። ይህኛው በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አይናዘዙ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይጻፉ።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በየመንደሩ ማንበብና መጻፍ የምትችሉ በመሆናችሁ ወደ ሕሙማን የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። አዊኛ ተናጋሪ ለሆነ ሽማግሌ ኑዛዜው በአማርኛ ሲጻፍ እያንዳንዱ ቃል እንዲገባው አድርጉ፤ ምስክሮቹም የተጻፈበትን ወይም የተነበበበትን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን። እናንተም ለራሳችሁም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ ለማግኘት ታማሚን አታግባቡ።

የገጠር መሬትን በተመለከተ የሚተላለፈው የይዞታ መብት መሆኑን አንርሳ። ክልሉም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 የራሱን ሥርዓት ስለ ደነገገ፣ የይዞታ ደብተራችንን ይዘን የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት አስቀድመን እንጠይቅ።

ሰው ከሞተ በኋላ የውርስ አጣሪ ይኖራል፤ ኑዛዜውም ሟቹ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ ወይም ሁኔታው ካላስገደደ ከ40 ቀን በኋላ ይከፈታል። አጣሪው ወራሾችን ይለያል፤ የቀብሩን ወጪና የሟቹን ዕዳ ይከፍላል፤ ክፍያው ካለቀ በኋላ የተረፈው ይከፋፈላል። ከልጅ ድርሻ በፊት የሠራተኛ ደመወዝና የጎረቤት ብድር እንደሚቀድም ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ ብቻ ሳይሆን ጽድቅም ነው።

በመጨረሻም፣ ልጁን ከውርስ የሚነቅል አባት ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጽ ሕጉ ያዝዘዋል፤ ያለ ምክንያት የተደረገ ንቅለት አይጸናም። ወንጌል ግን ከዚህ አልፎ በመሠዊያው ፊት ከመቆማችን በፊት እንድንታረቅ ይጠይቀናል። ሁለቱ ኑዛዜዎች የሚገናኙት በዚህ ላይ ነው። በቂም የተጻፈ ኑዛዜ ቂምን ለልጅ ልጅ ያወርሳል። ስለዚህ አስቀድመን ወደ ካህን እንሂድ፤ ያኮረፈውን ልጅ እናስጠራው፤ ከዚያ በኋላ ብዕሩን እናንሣ። ከሁሉ የሚበልጠው ርስት ልጆቻችን ከተዝካራችን ማግስት በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው ነውና።

እናቱን ለወዳጁ አደራ የሰጠ ጌታ ቤታችንን በሰላም ያጽናልን። አሜን።